ፋኑ ሳይዞር የቀዘቀዘው ኮምፒውተር

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁና ከዚያ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ፣ እኔ ጂኒ፣ ዛር፣ መንፈስ ሲባል ከሚስቁት አንዷ ነኝ፣ አክስቴ እንዲህ ያለ ወሬ ስትጀምር ስልኬን ነበር የምነካካው፣ ስለዚህ ለጨዋታ ማሟሟቂያ ፈጥሬ የማወራ እንዳይመስላችሁ። ደግሞ የሆነው በጨለማ አይደለም፣ እሁድ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ያውም ቃሊቲ፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሰላም በማይሰጥበት ሰፈር!

ሥራዬ ትረካ ነው፣ መጽሐፍ እያነበብኩ ድምፄን እቀዳለሁ። የዚያን ሰሞን አንድ ድርጅት ትልቅ ልብ ወለድ ሊሰጠኝ አስቦ፣ እስከ እሁድ ማታ ናሙና ላኪ አለኝ፣ ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ዕድል! ችግሩ ኮምፒውተሬ ነው፣ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ፋኑ ሲነሳ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል፣ የተከራየሁት ክፍል ደግሞ ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን ይግላል፣ ሲግል ፋኑ ይጮሃል፣ ፋኑን ቀንሼ ልሥራ ስል ፕሮሰሰሩ ይግልና ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ቅዳሜ ነስሩ መጣልኝ። ነስሩ ሳሪስ አቦ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጄ ነው፣ ቀልደኛ የስልጤ ልጅ።

«ቤቲዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ ትራስ?» አለኝ ክዳኑን ሲከፍተው፣ ከውስጡ የወጣው አቧራ እውነትም ትራስ ይሞላል። አቧራውን በብሎወር ነፋው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የማቀዝቀዣ ፔስት ጠርጎ አዲስ ቀባለት፣ ከግድግዳው አራቀው፣ እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አነጠፈ፣ በመጨረሻም ሙቀት ካልጨመረ በቀር ፋኑ በኃይል እንዳይዞር ሴቲንጉን አስተካክሎ፣ ቀስ ብሎ ሲዞር አብረን አይተን ሄደ።

እሁድ ከሰዓት መቅዳት ጀመርኩ። ጸጥ! ምንም ድምፅ የለም! ብቻዬን ዘለልኩ እኮ። ሙቀቱን የሚያሳየውን ፕሮግራም ሳይ ደግሞ ሁልጊዜ ሰባና ሰማንያ ዲግሪ የሚለው ሃያ ውስጥ ገብቷል፣ ጭራሽ እየወረደ ነው። ነስሩ አንበሳ! አልኩና ቀጠልኩ።

ያኔ ነው የሰማሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ፣ «እፍ…»፣ ለሕፃን ትኩስ አጥሚት ሲያበርዱ እንደሚያደርጉት፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። ነፋስ ነው እንዳልል መስኮቱ ዝግ ነው። አነበብኩ፣ ቆምኩ፣ «እፍ…»። ሳነብ ዝም ይላል፣ ስቆም ይነፋል፣ እመኑኝ፣ ተራ እየጠበቀልኝ ነበር! ይህን እንዴት ላስረዳችሁ፣ ከፍርሃቱ ጋር ደስ ደስም ብሎኛል፣ ማይኩን መዝጋት አልፈለግኩም።

ይሄኔ አከራዬ እትዬ አስካለ፣ ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ ቆይተው፣ መስኮቱን ኳ ኳ አደረጉ።

«ቤቲ፣ ከሰሉ እምቢ አለሽ እንዴ? እፍ እፍ ስትይ ደከምሽ እኮ፣ ከኔ ፍም ልስጥሽ?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ።»

«ታዲያ ማነው?»

ጆሮዬን ወደ ድምፁ ሳስጠጋ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የሚመጣው።

የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈትኩት። ፋኑ አይዞርም! ገመዱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ብረት በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርገው፣ ገና ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ በሉት፣ እጄን ሳልመልስ ደግሞ ጣቴ ላይ እርጥብ ያለ ትንፋሽ አረፈ።

ነስሩ ጋ ስደውል «ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው የተበላሸው፣ አጥፊው፣ ይቃጠላል!» ብሎ በሚኒባስ እየበረረ መጣ። ደርሶ ገመዱን ሲያይ ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፋ።

«ወላሂ ሰክቼዋለሁ፣ ሲዞር አይተሻል። ደግሞ ያለ ፋን እንዲህ ሊቀዘቅዝ… አይሆንም ቤቲ፣ ከክፍሉ አየር በታች እኮ ነው!»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጌ የቀዳሁትን አሰማሁት። ትንሽ ሰማና አውልቆ አስቀመጠው።

«ይሄ ሰው ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ብቻዬን።»

ገመዱን ሰካው፣ ፋኑ በለሆሳስ መዞር ጀመረ፣ ሙቀቱም ጤነኛ ኮምፒውተር የሚያሳየው ልክ ላይ ወጥቶ ቆመ፣ እፍ የሚለውም ድምፅ ጠፋ። ነስሩ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ ወጣ።

እንደገና ለመቅዳት ጊዜ አልነበረኝምና ያንኑ ላክሁት፣ በማግስቱ ተደወለልኝ፣ ሥራውን አገኘሁ! «ቅጂሽ ሲያምር፣ ከድምፅሽ ሌላ ምንም የለበትም» አለችኝ ከድርጅቱ የደወለችው ሴት፣ እልልታዬን እትዬ አስካለ ግቢ ሆነው ሰሙት። ስልኩን ዘግቼ ያንኑ ቅጂ ከፈትኩት። አንድም «እፍ» ሳይቀር፣ አለ። በያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መካከል አለ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኃይለኛ ጉንፋን ጣለኝ። መብራት ጠፍቷል፣ ኮምፒውተሩም አይሠራም፣ ሰውነቴ በትኩሳት እየነደደ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቻለሁ፣ ከዚያው ከግድግዳው በኩል ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አረፈ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። ትኩሳቴ ወረደ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በአንዴ ነው የወረደልኝ። ትንፋሹ ግን አላቆመም። ጥርሴ መንገጫገጭ ጀምሮ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ «በቃ» ብዬ ስለምነው እንኳ አላቆመም።