በበረዶው በር የወደቀው ጀግና

ሬሳው በበረዶው መሀል በነደደው እሳት ላይ በደረቱ ተደፍቷል፤ እሳቱም ከሥሩ ይንቦገቦጋል። የሬሳው ባለቤት ታን ሹዎ ግን በሕይወት አለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በስክሪኑ ላይ የተጋደመውን ጀግናውን እያየ እንባውን ይጠርጋል። እነዚህ ሰዎች በሚጫወቱበት ደረጃ አንዴ የሞተ ጀግና አይነሳም፤ ታን ደግሞ ይህን ጀግና ስድስት ዓመት አሳድጎታል። ልጅ ማሳደግ እንኳ ይህን ያህል አያደክምም።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ኦውያንግ ፔይ ጫጫታውን ስትሰማ የሰሊጥ ኑድሏን ሳትጨርስ ተነሳች። ሴትዮዋ ዉሃን ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ከማከራየቷ በፊት በአንድ የጨዋታ ድርጅት ትሠራ ነበር። ሥራዋም የትኛው ምት ማንን ምን ያህል እንደሚጎዳ ማስላት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን የማደር ትዕግሥት አልፈጠረባትም።

«ማንም ምንም እንዳይነካ» አለችና በአራቱ ተጫዋቾች ወንበሮች መካከል ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች።

ነገሩ ለሁሉም ያለቀለት ነበር። ዘንዶውን ገድለው እሳት አንድደው የሽልማት ሣጥኑን ሊከፍቱ ሲሉ ሰማዩ በመብረቅ ሐምራዊ ሆነ፤ ታን ወደቀ። በቡድኑ ውስጥ መብረቅ ያላት ምያኦ ዤን ብቻ ናት። ባለ ሰይፉ ኬ ዪ ቡድኑን ለቃ እንድትወጣ ነግሯታል፤ ታንም አልተከላከለላትም። የራሱን ጓደኛ የገደለ ተጫዋች ደግሞ በከተማው ሌላ ቡድን አይቀበለውም። ዤን ከኤንሺ ተራሮች ብቻዋን የመጣች ልጅ ናት፤ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል በስሟ የሚጠሯት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። እጇን ጭኖቿ መሀል ሸጉጣ ተቀምጣለች።

«መብረቅሽ የት ነበር?» አለቻት ኦውያንግ።

«እንደ ሁልጊዜው ዙሪያዬን እየዞረ ነበር፣ እትዬ። ከጦርነት በኋላ ቶሎ አይጠፋም። ግን ጓደኛን ቢነካም አይጎዳም፤ ስንት ጊዜ ነክቷቸዋል።»

ከወዲያ በኩል ሆው ጅየን ጉሮሮውን ጠረገ። የቡድኑ ሐኪም እሱ ነው፤ ውሃ ያዘንባል፣ ቁስል ያሽራል።

«ጥፋቱ የኔም ነው፣ እትዬ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «እንደ ልማዴ ዝናቤን አዘነብኩባቸው፤ ታን ረጥቦ ነበር። የረጠበን ሰው መብረቅ ሲነካው ምን እንደሚሆን እርስዎ ያውቁታል። ልጅቷ ራቅ ማለት ነበረባት።»

ኬ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ፤ ዤን አለቀሰች። ኦውያንግ ግን ጥፋቱን በፈቃዱ የሚካፈል ሰው አይዋጥላትም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወደ ኬ ዞረች።

«ሲሞት ከራሱ በላይ የወጣው የጉዳት ቁጥር ብዙ ነበር ወይስ አንድ?»

«አንድ። እንዲህ ያለ ትልቅ አይቼ አላውቅም።»

ታንን ደግሞ ምን ለብሶ እንደነበር ጠየቀችው። መብረቅ የሚመክተውን ካባውን፣ አለ። እሳቱ ላይ ለምን እንደቆመ ስትጠይቀው አፈረ። ሣጥን ከመክፈት በፊት እንደ ታን ያለ የቡድን መሪ እሳት ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ እሳት የነካው እጅ ባዶ ሣጥን አይከፍትም ይላሉ። ሳቀችበት ቢባል ሐሰት ነው፤ እሷም በልጅነቷ ታደርገው ነበር።

አራቱንም በኬ ስክሪን ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሰይፍ አይደለም፤ የጓደኛ ሰይፍ ጓደኛን አይቆርጥም» ብላ ጀመረች። «እንደ እሳት፣ ውሃና መብረቅ ያሉ ባሕርያት ሲጋጩ የሚፈጠረው ጉዳት ግን ወዳጅ አይለይም። ውሃና መብረቅ ቢሆን ኖሮ ትናንሽ ቁጥሮች ይንጣጡ ነበር፤ ጉዳቱም የመብረቅ ስለሆነ ያ ካባ ይውጠው ነበር። አንድ ትልቅ ቁጥር የሚያወጣው እሳትና መብረቅ ሲገናኙ ነው። ያ ፍንዳታ ነው፤ ጉዳቱም የእሳት ነው። ካባው አያውቀውም።»

«ታዲያ መብረቁ የሷ አይደል?» አለ ኬ።

«የሷ ነው። ስንት ዓመት ታን ከእሳት ሲወጣ መብረቅ በአጠገቡ አልፏል፤ ለምን አልሞተም? ሁልጊዜ የሆው ዝናብ ስለሚዘንብ ነው። እሳቱን ከላዩ ያጥበዋል። ዝናቡን ግን እንደ ጣሪያ ነው የምታዩት፤ ካላፈሰሰ ማን ቀና ይላል? እስቲ እሳቱን እዩት።»

አዩት። ከሬሳው ሥር ይንቦገቦጋል።

«ዝናብ ቢዘንብ ይጠፋ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ጠብታ አልወረደም። ሆው፣ ለምን ዋሸህ?»

ሆው ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አነሳ። ከዚያ ኦውያንግን ሳይሆን ታንን ተመለከተ።

«ባለፈው ሳምንት በቀጥታ ስርጭት ማን ለዚህ አበቃህ ሲሉህ፣ ሰይፍህን ጠራህ፣ የኬን ጋሻ ጠራህ። ካባህን እንኳ አመሰገንክ፣ ታን። ካባ! እኔ ስድስት ዓመት አንተን ብቻ እያየሁ ተጫውቻለሁ፤ ዘንዶው ምን እንደሚመስል እንኳ በቅጡ አላውቅም። ዛሬ ዝናቡን ብተወው እንደምትሞት አውቅ ነበር።»

ታን ወደ ሆው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ንዴቱ ፊቱ ላይ ነበር፤ ኀፍረቱ ግን በለጠበት።

«ዤንስ ምን አደረገችህ?» አለች ኦውያንግ።

«ምንም» አለ ሆው። «እሷን ለማመን የሚቸኩል እንደሌለ ስለማውቅ ነው።»

የሁሉንም አንገት ያስደፋው ይህ ነበር። ታን እየተንተባተበ ወደ ዤን ዞረ፤ ቦታዋ የራሷ እንደሆነ፣ ያለ እሷ ቡድን እንደሌለ፣ አዲስ ጀግና አብረው እንደሚያሳድጉ ነገራት። ኬም ይቅርታ ጠየቀ።

ዤን ጃኬቷን ለበሰች።

«እሳቱ እኮ እፊታችሁ ይነድ ነበር» አለች። «ሦስታችሁም ከኔ በላይ ጨዋታውን ታውቃላችሁ። አንዳችሁም ግን አላያችሁትም፤ ሁላችሁም እኔን ነበር የምታዩት።»

ታን ሊይዛት እጁን ሰነዘረና መሀል መንገድ ላይ ተወው። ኦውያንግ በሩ ድረስ ሸኘቻትና ነገ ብቻዋንም ቢሆን መጥታ እንድትጫወት ነገረቻት። ልጅቷ የጃኬቷን ዚፕ ዘግታ ወጣች።