ቁልቁለቱን በፎሌ

ነጯ ፒካፕ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ፣ ኩርባው ላይ፣ አፍንጫዋን ባሕር ዛፍ ላይ አስደግፋ ቆማለች። ሹፌሩ ገለታ መሪው ላይ ተደፍቷል። የፊት መስታወቱ እንኳን አልረገፈም። ሞተሩ በቁልፍ ጠፍቷል፤ ማርሹ ፎሌ ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ይህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀና ሌላ ምክንያት አልፈለገም።

ፎሌ ማለት ማርሹን ነፃ አውጥቶ መኪናውን ለቁልቁለቱ መስጠት ነው። የናፍጣ ሰልፍ ከረዘመ ወዲህ የአዲስ አበባ ሹፌር ሁሉ የሚያውቃት ብልሃት ናት፤ የባሰበት ሞተሩንም ያጠፋል። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደነድናል፣ መሪ ይከብዳል። ይህንንም ሁሉም ያውቃል። እያወቀም ያደርገዋል።

ዕለቱ እሑድ፣ የፈተና ቀን ነበር። የመኪናዋ ባለቤት አብዱልሰላም ሽሮ ሜዳ ላይ ጋቢና ነጠላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ፒካፖች አሉት፤ ሌሎች ሊጨምር አስቧል። መኪኖቹን የሚያሻሽጠው የወንድሙ ልጅ ፈሀድ «ናፍጣ ይቀምሳሉ እንጂ አይጠጡም» ይላል። ነጯን ዘወትር የሚነዳት ግዛቸው ደግሞ እንደሷ ያለ ጠጪ አላየሁም ብሎ ይምላል። አብዱልሰላም ሁለቱንም መስማት ሰለቸው። ሁለተኛውን ሹፌሩን ገለታን ጠርቶ ታንኩን እስከ አፉ አስሞላ፤ የጋቢ ጥቅል አስጫነ፤ እንጦጦ ማርያም አምስት ጊዜ ደርሶ እንዲመለስ አዘዘው። ሲጨርስ ታንኩ እንደገና ይሞላል፤ የገባው ናፍጣ መኪናዋ የጠጣችው ነው። የታንኩን ክዳን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ገለታ ከአምስተኛው ጉዞ ሳይመለስ ቀረ።

ኢንስፔክተር አጸደ የተጠራችው ሐኪሙ አስከሬኑን ካየ በኋላ ነው። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነበር። ወደ ፊት የተወረወረ ሰው ማጅራቱን የሚመታው ነገር ጋቢናው ውስጥ የለም። እስከዚያው ድረስ ቅዳሜ ዕለት ፍሬኑን የሠራው መካኒክ ቦጋለ ታስሮ ነበር፤ አንድ ሰው መታሰር ስላለበት።

አጸደ ሃምሳ ልትደፍን ጥቂት የቀራት ሴት ናት። አስከሬን ከማየት ብዛት ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ሰዎች ጭካኔ ይመስላቸዋል። ድንዛዜ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች፣ አትወደውም።

መጀመሪያ የሄደችው ልቅሶ ቤት ነው። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይዘምራሉ። የገለታ ሚስት ሰናይት ግን ጓሮ ተቀምጣ ገመድ ላይ የተሰጣ ጃኬት ታያለች።

«እግዜር ያጽናሽ» አለቻት አጸደ።

«አሜን። ምንም አይሰማኝም እኮ። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ እኔ የሌላ ሰው ልቅሶ የመጣሁ ነው የሚመስለኝ። እጄ ብቻ አልቀመጥ አለኝ።» ወደ ጃኬቱ ጠቆመች። «ወንድሜ ግዛቸው መርዶውን ይዞ ሲመጣ አውልቆ ጥሎት ነው። ሁለቴ አጠብኩት። እጅጌው ሽታውን አልለቅም አለ።»

«የምን ሽታ?»

«የናፍጣ። ሹፌር አይደል።»

አጸደ ጃኬቱን አየችው። ጥቁር፣ የክት ነው። «ባልሽ በፎሌ ይወርድ ነበር?»

ሰናይት ቀና አለች። «ገለታ? በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው። ‹ፍሬኑ ሞተሩ ነው› ይላል። ከኋላው ያሉት ክላክስ ሲያደርጉበት እኔ እያፈርኩ ‹ቶሎ በልላቸው› እለው ነበር። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ‹ለጥቂት ናፍጣ ብሎ ራሱን ገደለ› ይላል። ልጄ ሳምሪ ይህንኑ ሰምታ መጣች። አባቴ ቂል ነበር ወይ አለችኝ። እሱን ብቻ ያጣሩልኝ፤ ለልጄ የምነግራት እንዳገኝ።»

«የማገኘው ነገር ከዚህ የባሰ ቢሆንስ?»

«ከዚህ በላይ ምን ይወሰድብኛል?»

አጸደ ጃኬቱን አንድ ጊዜ ደግማ አይታ ወደ ድንኳኑ ዞረች።

ግዛቸው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል። ድምፁ ተዘግቷል።

«እሑድ የት ነበርክ?»

«ቤተ ክርስቲያን። አስተናጋጅ ነኝ፣ በር ላይ ነው የምቆመው። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ተደውሎልኝ ነው አደጋው ቦታ የሄድኩት።»

«መኪና አልነካህም?»

«እሑድ መኪና አልነካም ኢንስፔክተር። የጌታ ቀን ነው።»

«ገለታስ፣ በፎሌ ይወርድ ነበር?»

«ሁላችንም እንወርዳለን። ኑሮ ነው።» ለአንድ ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ጨመረ። «በቃ፣ ቦጋለን ልቀቁት። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። የገለታ ጥፋት ነው።»

አብዱልሰላምና ፈሀድን ያገኘቻቸው ሱቅ ውስጥ ነው። ፈሀድ ላብ በላብ ሆኗል።

«እሑድ እንጦጦ ታይተሃል» አለችው።

«እ... ማለቴ፣ ከጓደኞቼ ጋር በእግር እየወጣን ነበር። ገለታ ሲያልፍ ክላክስ አደረገልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ፈተናው ካልቀናህ ሽያጩ ይቀርብሃል።»

«ለምን አይቀናኝም? ለዚያ መንገድ አምስት ሊትር ትበቃታለች።»

«በወረቀት ላይ» አለ አብዱልሰላም ከመደርደሪያው ኋላ። «መንገዱ ሜዳ፣ ጭነቱ ባዶ ሲሆን። እንጦጦን የሚያወጣ ወረቀት አላየሁም።»

«የክዳኑ ቁልፍ የት ነበር?» አለችው አጸደ።

«ኪሴ። ጀዊሪያ፣ ሚስቴ እንኳን አልነካችውም። ሹፌርን አምናለሁ ኢንስፔክተር፤ ግን ቆልፌ ነው የማምነው።»

«ክዳኑ ከተቆለፈ ታንኩን የሚነካው የለም ማለት ነው?»

«በምን በኩል?»

ፒካፗ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ነበረች። አጸደ ሞተሩን አስነሥታ ፍሬኑን ረገጠችው፤ ጥሩ ይይዛል። ከዚያ ጋዜጣ አንጥፋ ከሥር ገባች። የመኪናዋ ሆድ ሙሉ የደረቀ ጭቃ ነው፤ ከታንኩ ሥር ያለው የማፍሰሻ ብሎን ብቻ ርሷል፣ ጠርዙም ተበልቷል። ተነሥታ ጭነቱን አየች። ከጋቢ ጥቅሎቹ አንዱ ላይ የናፍጣ እድፍ አለ፤ አራት ማዕዘን፣ የጀሪካን ቂጥ የሚያክል።

እስር ቤት ሄዳ ቦጋለን ጠየቀችው። «ብሎን በምን ትፈታለህ?»

«በልኩ መፍቻ ነዋ።»

«በሚስተካከለው መፍቻስ?»

«እሱ ጠርዙን ይበላዋል። ልኩ የሌለው ሰው ነው በዚያ የሚፈታ።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እመቤቴ፣ ፍሬኑን አሳምሬ ነው የሠራሁት። ገለታ ጓደኛዬ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችው። በማግስቱ የአብዱልሰላምን ሁለተኛ ፒካፕ ያንኑ ጭነት አስጭና በዚያው መንገድ አምስት ጊዜ አስነዳች።

ከዚያ በነጋታው ሁሉንም ሽሮ ሜዳ ማደያ ጠራቻቸው። ነጯ ፒካፕ ናፍጣ እንዳታቃጥል እየተጎተተች መጣች። ናፍጣ ለመቅዳት ከንጋት ጀምሮ የተሰለፉት ሹፌሮች፣ ተጎትታ የመጣች መኪና ያለ ሰልፍ ስትገባ አይተው ጮኹ። ፖሊስ ሲያዩ ጩኸታቸው ወደ ማጉረምረም ወረደ። ቦጋለን ሁለት ፖሊሶች ይዘውታል። ሰናይት በፌስታል ጃኬቱን ይዛለች፤ አምጪው ስትባል ለምን ብላ አልጠየቀችም።

«ገለታ ሳይጨርሰው የቀረውን ፈተና እንጨርሰዋለን» አለች አጸደ። «ጋሽ አብዱልሰላም፣ ክዳኑን ይክፈቱ። ከመቀዳቱ በፊት ግን ስንት ሊትር እንደሚገባ እያንዳንዳችሁ ንገሩኝ። ፈሀድ?»

«አምስት። እንዲያውም በፎሌ ከወረደ ከዚያም ያንሳል።»

«ጋሽ አብዱልሰላም?»

«ሰባት ልበል። በፎሌ ከነበረ።»

«ቦጋለ?»

«ሞተር እያጠፋ ከወረደ ስድስት።»

«ግዛቸው?»

ግዛቸው መሬት መሬቱን አየ። የሰልፉ ሹፌሮችም አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። «አስራ አምስት» አለ በመጨረሻ። «ሁሌም የምለውን ነው የምለው። ጠጪ ናት።»

የማደያው ሠራተኛ ቱቦውን ታንኩ ውስጥ ከተተች። ቁጥሩ አምስትን አለፈ፣ ስድስትን አለፈ፣ ሰባትን አለፈ። ፈሀድ ወደ ማሽኑ ጠጋ አለ። አስራ አምስት ላይ ናፍጣው አፉ ደርሶ ቆመ።

«ያ ረቢ!» አለ አብዱልሰላም።

«እንደ እሷ የሆነችው መኪናዎ ትናንት በማርሽ እየወረደች ስንት ጠጣች?» አለችው አጸደ።

«ስምንት። አጠገብሽ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ገለታ ሞተር እያጠፋ ከወረደ ከስምንት ማነስ ነበረበት። እንደ ልማዱ በማርሽ ከወረደም ስምንት ነው። አስራ አምስት በየትኛውም አይመጣም። ትርፉን መኪናዋ አልጠጣችውም፤ ክዳኑ ስለተቆለፈ ከሥር፣ በብሎኑ በኩል ተቀድቷል። ጀሪካኑ ጋቢው ላይ ተቀምጦ አሳድፎታል። ጀሪካኑ ግን የለም።»

ፈሀድ እጁን አነሣ። «እኔ—»

«አንተ ብትነካው ኖሮ ትጨምርበት ነበር እንጂ አትቀንስም ነበር። ቦጋለ ደግሞ ልኩ መፍቻ አለው፤ የራሱን ብሎን አያበላሽም። ፍሬኑም ደህና ነው። እንግዲህ መኪናዋ ጠጪ ሆና እንድትታይ የሚፈልገው ማን ነው? ጠጪ ናት እያለ ሲቀዳባት የኖረው ነው። እውነተኛው ቁጥር ከታወቀ የዓመታት ትርፉ የት እንደገባ ይጠየቃል።»

ሰው ሁሉ ወደ ግዛቸው ዞረ። ሰናይት ብቻ አልዞረችም።

«ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አለ ግዛቸው። «ሰው አይቶኛል።»

«እስኪያልቅ። ከዚያ የክት ልብስህን እንደለበስክ እንጦጦ ወጥተህ ጠበቅኸው። እሑድ መኪና አልነካም ብለኸኛል።» ወደ ሰናይት ዞረች፤ ድምፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ሰናይት፣ ሽታው የትኛው እጅጌ ላይ ነው?»

ሰናይት ፌስታሉን አልከፈተችም። «ቀኙ» አለች። «ከውስጥ በኩል። እስከ ክርኑ።»

«መሬት ተኝቶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ብሎን የፈታ ሰው፣ ናፍጣው በእጅጌው ውስጥ ይወርድበታል። ገለታን የገደለው ሰው ሬሳውን ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መኪናዋን በፎሌ አድርጎ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ወደ ዛፉ ሰደዳት። የገለታን አነዳድ ረስቶ የራሱን አነዳድ አለበሰው።»

ግዛቸው ለመሸሽ አልሞከረም። የማደያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«ገለታ ስልክ ሊደውል ራቅ ብሎ ነበር» አለ። «ሲመለስ ከመኪናዋ ሥር አገኘኝ። አልጮኸብኝም እኮ። ‹ለጋሼ አልነግርም፣ ለሰናይት ግን እነግራታለሁ፣ እሷ ትምከርህ› አለኝ። ሊሄድ ዞረ። መፍቻው እጄ ላይ ነበር።» እህቱን አያት። «አንቺ እንዳታውቂ ነው ሰናይት። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር።»

ሰናይት ፌስታሉን ለአጸደ ሰጠቻትና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ግዛቸውን ወሰዱት። የቦጋለን እጅ ፈቱለት። ከሰልፉ አንዱ «እንግዲህ እኛ እንቅዳ?» ብሎ ጮኸ፤ ማንም አልተቆጣውም። አብዱልሰላም የሁለተኛውን ፒካፕ ቁልፍ ለቦጋለ ሰጥቶ «ሰናይትን ቤቷ አድርሳት» አለው።

አጸደ የፒካፗን በር ይዛ ቆመች። ይህችን ሴት ጓሮዋ ውስጥ ስትጠይቃት፣ ጃኬቱ ከፊታቸው ተሰጥቶ እያለ፣ ገና ያን ጊዜ ጠርጥራ ነበር። አልነገረቻትም። ያ አሁን አመማት፤ ሲያማትም ገረማት።

«ይቅርታ» አለቻት።

«ያልኩዎትን ነው ያደረጉት» አለች ሰናይት። «ለሳምሪ የምነግራት አለኝ።» ወደ መኪናዋ ገባችና «የአጎቷን ግን እንዴት እንደምነግራት አላውቅም» አለች።

ቤቷ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ነው። ቦጋለ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስ ማርሹን ሁለተኛ ውስጥ ከተተው። ሞተሩ እያጓራ መኪናዋን ያዛት። ወዲያው ከኋላ አንድ ሚኒባስ ክላክስ አደረገ፤ ሌላው ተከተለው፤ ከዚያ ሌላው።

«እህቴ፣ ላፍጥነው?» አለ ቦጋለ በመስታወት ወደ ኋላ እያየ።

«የለም። እንዲሁ ውረድ።»

ክላክሱ ባሰ። ሰናይት አላፈረችም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እጇ አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ለባሏ ይሁን ለወንድሟ ሳትለይ፣ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ።