በድመቷ ላይ የተላከከ ሳል

ፈለቀ ዲላ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ በየዓመቱ ያስተምራል። እሱ ራሱ ማሳል ሲጀምር ግን ጥፋተኛዋ የፍቅረኛው የሥርጉት ድመት ሆና ተገኘች።

ሥርጉት ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የተዋወቁትም በዚህችው ድመት ሰበብ ነበር፤ ለክትባት ስትወስዳት ባጃጅ ውስጥ ከዘንቢሉ ዘላ ወጥታ ፈለቀ ጭን ላይ ተኛች። ስሟ ሬጅስትራር ነው፤ በተፈለገች ሰዓት አትገኝማ።

ሳሉ ወር ሲያልፈው ሥርጉት ተጨነቀች። ፈለቀም የበሽታውን ስም ከአፉ ላለማውጣት ሲል የድመት ፀጉር ነው አላት። መምህር ነውና አመነችው።

ጤና ጣቢያ ሄዶ ተደብቆ ተመረመረ፤ የፈራው ሆነ። ነርሷ ሲስተር ጸሐይ ለስድስት ወር የሚውጠውን መድኃኒት አሳየችውና፣ ሲውጥ በየቀኑ የሚያየው ሰው እንዲያመጣ፣ አብሮት የሚውል ካለም እንዲመረመር ነገረችው። ማንም የለኝም አላት።

አመሻሹ ላይ ሥርጉት ቤት ሲደርስ ዓይኗ ቀልቷል። ሬጅስትራርን ደጋው ቡሌ ላለች አክስቷ ሰጥታ መመለሷ ነበር።

«በቃ፣ ካሁን ወዲያ ትተነፍሳለህ» አለችው። ፈገግ ልትል ስትል ሳል ቀደማት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አቀርቅሮ ሁሉንም ተናዘዘላት፤ ለሲስተር የሰጠውንም መልስ አላስቀረም።

ሥርጉት ባዶውን የድመት ዘንቢል ወደ ጥግ ገፋችው።

«ድመቴን መወንጀልህስ ይሁን፤ አፍ የላትም። እኔን ግን ከሰው ቁጥር አወጣኸኝ?»

«አፍሬ ነው።»

«በበሽታው ነው በእኔ?»

«በራሴ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

በማግስቱ ባንድ ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ፤ እሷ ከኋላ፣ እሱ ማስኩን አጥብቆ ከሹፌሩ ጎን። ምርመራዋ ነፃ ሆነ፤ የእሷ ሳል የቡሌ ብርድ ነበር። ሲስተር ጸሐይ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ መምህር፣ ማንም የለኝም ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ ብትለው፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየው።

«የለውም» አለች ሥርጉት። «ሲውጥ የማየው ግን እኔ ነኝ። ይጻፉኝ።»

«ምኑ ነሽ ብዬ ልጻፍ?»

ሥርጉት ፈለቀን አንገቱን እስኪደፋ ድረስ አየችው።

«ስድስት ወሩ ሲያልቅ እነግርዎታለሁ።»