ማይኩ ኪሱ ውስጥ ነበር

ይሄን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው አይመን፤ እኔም ባላምነው ደስ ባለኝ።

ጨለማ አልነበረም። ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው። ሜዳው በሰው ተሞልቷል።

የአማተር ሬዲዮ ክበብ አባላት ነን። በየቤታችን ባለው ሬዲዮ ከማናውቃቸው ሩቅ ሰዎች ጋር ስናወራ እናመሻለን። ሚስቶቻችን ዕብዶች ይሉናል። በዓመት አንዴ ደግሞ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን፣ አንቴና ሰቅለን፣ ሕዝቡ መጥቶ እንዲሞክር እንጋብዛለን።

የዚያን ቀን ረጅሙ ምሰሶ ጫፍ ላይ ያለው አንቴና ተጣመመ። ታናሽ ወንድሜ ካልወጣሁ አለ። እሱ ምሰሶ ካየ እግሩ አያርፍም።

ጠዋት ከእሱ ጋር ስንወጣ እናቴ በር ላይ ይዛኝ ነበር።

"አንተ ነህ የምትወስደው፤ አንተው መልሰህ አምጣልኝ።"

አንድ የማንሽረው ደንብ አለን። ምሰሶው ላይ ሰው ካለ ማንም በሬዲዮው አይናገርም። ከተናገረ ኃይሉ በአንቴናው ወጥቶ የነካውን ሰው ያቃጥላል። ስለዚህ የሚወጣው ሰው ማይኩን ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ከታች ያለነው መስማት እንጂ መናገር አንችልም።

ወንድሜ ማይኩን ነቅሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። ቀበቶውን ታጠቀ። ከቀበቶው የተነሳው ገመድ ምሰሶው ጫፍ ላይ ባለው መዘውር ዞሮ እኔ እጅ ላይ ያርፋል። ቢያዳልጠው የምይዘው እኔ ነኝ።

"ጋሼ፣ እንቅልፍ እንዳይወስድህ" አለኝ እየሳቀ።

አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ ከጋሼ ሌላ ብሎኝ አያውቅም።

ወጣ... ወጣ... ፀሐይዋ ምሰሶው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ስል ዓይኔ እንባ ይሞላል። ገመዱን እየሳብኩለት ሬዲዮውን አዳምጣለሁ።

አንዲት ሴት የጣቢያችንን መጠሪያ ጠራች። በጣም ሩቅ ናት፤ ድምጿ ይቆራረጣል።

"እየሰማኋችሁ ነው... ግን ያ ልጅ ማነው?"

የክበባችን ሊቀመንበር ተጠግቶ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ።

"የቱ ልጅ?" አለ ለራሱ።

"ጋሼ፣ ጋሼ እያለ የሚጣራው..." አለች ሴትዮዋ። "እባካችሁ አንድ ሰው ይመልስለት። ፈርቷል።"

ክው አልኩ።

"ማንም አልተናገረም" አለኝ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ። "ማይኩ እሱ ጋ ነው።"

ቀና አልኩ። ፀሐይ ብቻ።

"ደህና ነህ?" ብዬ ጮህኩ።

ዓይኔን አጥብቤ ጫፉን ፈለግኩ።

ያኔ ከኋላዬ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

"ጨርሻለሁ።"

ዞር ስል ወንድሜ ነው። እፎይ አልኩ። እንዲህ ታስደነግጠኛለህ ብዬ ልሰድበው አፌን ስከፍት... እጄን አየሁ።

ገመዱ እንደተወጠረ ነው።

ሰው ሲወርድ ገመዱን የምለቅለት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አንድ ክንድ እንኳ አልለቀቅኩም።

"ቀበቶህስ?"

"ፈታሁት።"

"የት?"

"ላይ።"

ግንባሩ ደረቅ ነው። በዚያ ፀሐይ ያን ሁሉ ወጥቶ ወርዶ ጠብታ ላብ የለበትም። ማይኩን ከኪሱ አወጣና በእጁ ያዘው። ሽቦው ተንጠልጥሏል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

"ልቀቀው፣ ወንድሜ" አለኝ።

ወንድሜ...

ጋሼ አላለኝም።

ሬዲዮው ተንሿሿ። ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ የሚንቀጠቀጥ፣ ከከፍታ ላይ በነፋስ የሚወሰድ።

"ጋሼ... ገመዱን እንዳትለቅ። ገና አልወረድኩም።"

ሊቀመንበሩ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። ከጎኔ የቆመው አፉን ዘግቶ ያየኛል። ፈገግ ብሏል።

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ግን አልለቀቅኩም። ገመዱን ድንኳኑ አጠገብ ካለው ዛፍ ጋር አጥብቄ አሰርኩት። ሊቀመንበሩ ራሱ ምሰሶው ላይ ግማሽ ድረስ ወጣና ተመለሰ። ያየውን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ምሰሶውን ማንም እንዳይነቅለው ብቻ አዘዘ።

ያንን ከጎኔ የቆመውን ይዤ ቤት ገባሁ። ምን ላድርግ? መልኩ የወንድሜ ነው። እናቴ በሩን ከፍታ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ልጄስ?" አለችኝ።

ይሄን ስጽፍ እሱ ከጎን ያለው ክፍል ውስጥ ነው። አያንኮራፋም። ወንድሜ ግን ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይቀሰቅስ ነበር።

ከሥራ ስወጣ ሜዳው ጋ እሄዳለሁ። ድንኳኑም ሰዉም የለም፤ ምሰሶውና ገመዱ ብቻ ናቸው የቀሩት። ትናንትም ሄድኩ። ጫፉ ላይ ምንም አይታየኝም፤ ገመዱ ግን አሁንም እንደተወጠረ ነው። "አለሁ" ብዬ ቀስ አድርጌ ሳብኩት...

ከላይ መልሶ ሳበኝ።