እግር የሚረሳበት ቁልቁለት

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ ሄዷል፤ ዛሬ አይመጣም፣ አትጠብቁት። ሻማውንም ወደዚያ አርቁልኝ፣ ይሄ ነገር በብርሃን አይወራም። የሚፈራ አለ? የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ደጅ ወጥቶ ይመለስ፤ በኋላ ሽንቴ መጣ ቢለኝ አብሬው አልወጣም! እሺ። እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ፍርሃት እሰጣችኋለሁ። እንካ በእንካ ነው።

ሰዓቱ ይሄ ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። ውሻ እንኳ መጮህ ሰልችቶት አፉን እግሩ መሃል ከቶ ተኝቷል። ከገበያው ከተማ ወደ አንዲት መንደር የሚወስድ ኮረኮንች መንገድ አለ። መጀመሪያ ሜዳ ነው። ከሜዳው በኋላ ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ዛፉ በኋላ ቁልቁለት ነው፣ ረጅም ቁልቁለት። ታች ምን አለ? ድልድይ አለ። ከድልድዩ ስር ምን አለ? ገደል አለ፣ ቋጥኝ አለ፣ ወንዝ አለ። በዚያ ቁልቁለት በዚህ ሰዓት ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም። አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል።

ጓንጉል ይባላል። መንደሯን አትጠይቁኝ፣ ስሟን አልናገርም፤ የሰው መንደር ነው፣ ነገሩም የድሮ ነው።

ይሄ ጓንጉል ሞተር ወዳድ ነበር። ሞተር ስላችሁ ደግሞ ያን የአሁኑን ፌንጣ የመሰለ ቀጫጫ እንዳይመስላችሁ! የእንግሊዝ ሞተር ነዋ! ጣልያን ሲባረር ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥታ የቀረች፣ ሆዷ ላይ የፈረንጅ ፊደል የተጻፈባት፣ እንደ በሬ የከበደች ዶቅዶቄ። የአንድ ባላባት ጎተራ ውስጥ ተጥላ ኖራ ኖራ፣ ዝጋ፣ ጎማዋን አይጥ በልቶት፣ ኮረቻዋ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር። ጓንጉል አያት። ሌላው ሰው ዝገት አየ፣ እሱ ሙሽራ አየ! ባላባቱ "ይሄን ጉድ አንሳልኝ፣ ቦታ ይዞብኛል" ቢሉት በበሬ አስጎትቶ ወሰዳት። ዶሮዋም እንቁላሏን ፍለጋ ተከትላው ሄደች ይባላል፣ እኔ እንጃ።

ምን አደረጋት መሰላችሁ? ብሎን በብሎን ፈታታት። እያንዳንዷን ብረት ላምባ ውስጥ ዘፈዘፈ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ። ዘይት እንዳያፈስ የሚገባው ቆዳ ቢጠፋ፣ የአሮጌ ጫማውን ምላስ ቆርጦ ገጠመ። የእግር መርገጫዋን ጎማ በረባሶ ሠሪ ዘንድ ሄዶ አሠራላት። የቤንዚን መያዣዋን አረንጓዴ ቀባ፣ ሲደርቅ ፋቀ፣ መልሶ ቀባ፣ ፊት እስኪያሳይ። ሚስቱ አምሳለ በር ላይ ቆማ፣ "አንተ ሰውዬ፣ እሷን ጠዋት ማታ ግራሶ ትቀባለህ፤ የኔ ራስ ቅቤ ካየ ስንት ዘመኑ!" ትለዋለች። እሱ አይሰማትም። ጆሮው ብረቱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ረገጣት። ዝም። ረገጣት። ዝም። ደግሞ ረገጣት፣ ዱግ! ዱግ... ዱግ... ዱግ... ቀስ ብላ፣ ረጋ ብላ፣ ደረት ውስጥ ገብታ የምትመታ። ሽማግሌው ጋቢውን ጥሎ ወጣ። ሴቱ እልል አለ። "እንግሊዟ ተነሳች! እንግሊዟ ተነሳች!" በቃ፣ ስም ወጣላት፣ እንግሊዟ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን ያዙልኝ። እንግሊዟ ላይ ነገሩ ግልባጭ ነው። የጃፓን ሞተር የለመደ ሰው ማርሽ የሚያስገባው በግራ እግሩ ነው፣ ፍሬን የሚይዘው በቀኝ እግሩ ነው። እንግሊዟ ላይስ? ማርሿ በቀኝ፣ ፍሬኗ በግራ! ጓንጉል መንዳት የተማረው በጓደኛው የጃፓን ሞተር ነበርና መጀመሪያ ሰሞን እንግሊዟን ይዞ ቁልቋል ውስጥ ገባ። እሾሁ ከየት ከየቱ እንደተለቀመለት አልናገርም፣ ሕፃናት አሉ! ለምን ገባ? ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አይደለም። ጭንቅላቱ ያውቃል። እግሩ ግን ሲደነግጥ ይረሳል። ሲደነግጥ በቀኙ ይረግጣል። ቀኙ ደግሞ ማርሽ ነው፤ ፍሬን ብሎ ሲረግጥ ማርሽ ይጨምርላታል። ገባችሁ? ቁሚ ሲላት ትሮጣለች።

ያ ጓደኛው ስንሻው ይባላል። አብሮ አደጉ ነው። የወባ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ በየቤቱ ግድግዳ መድኃኒት ይረጫል፣ የመሥሪያ ቤቱን የጃፓን ሞተር ይነዳል። ገና ከሩቅ ያ የወባ መድኃኒት ጠረኑ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሳቁ ይመጣል፣ ከዚያ ነው እሱ የሚመጣው። አፉ አያርፍም። "ጓንጉሌ፣ ይቺ ሞተር ናት ወይስ የበርበሬ ሙቀጫ?" ይለዋል። "ለመሆኑ ከእንግሊዝ ንግሥት ፈቃድ አለህ?" ይለዋል። ሰዉ ይስቃል። ጓንጉልም ይስቃል። ሆዱ ግን አይስቅም።

አንድ እሁድ፣ ሰው ሁሉ ዋርካው ስር ተቀምጦ ሳለ፣ ስንሻው ብድግ አለ። "እስቲ ይቺን አሮጊት ስጠኝ፣ እስከ ባሕር ዛፉ ደርሼ ልምጣ።"

"እሺ፣ ግን..." አለ ጓንጉል።

"ምን ግን አለው? መንዳት ያስተማርኩህ እኔ! ብረት ብረት ነው።"

ሰዉ ሳቀ። ጓንጉል አፉን ዘጋ። ለምን ዘጋ? "ተወው፣ ዛሬ ደግሞ እሱ ይሳቅበት" ብሎ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ ነው? አይደለም። እናንተስ አድርጋችሁ አታውቁም? ዝም በሉ፣ አትመልሱልኝ።

ስንሻው ወጣባት። በግራ እግሩ ማርሽ ፈለገ፣ የለም። ደግሞ ፈለገ፣ የለም። ሰዉ ኪኪኪ አለ፣ ጓንጉል ደስ አለው። ወዲያው ግን ስንሻው በቀኝ በኩል አገኘው። "አሃ! እነዚህ እንግሊዞች ተገልብጠው ነው እንዴ የተወለዱት!" አለና ዱግ ዱግ እያደረገ ሄደ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እንግሊዟን ከሞት ያስነሳት ማነው? ጓንጉል። የተጨበጨበለትስ? ስንሻው።

ያኔ ጓንጉል መጮህ ነበረበት። "ስንሻው! ቁልቁለቱ ላይ እግርህ ይረሳል፣ ቀስ በል!" ማለት ነበረበት። ቃሉ መጣ። ጉሮሮው ደረሰ። ጥርሱ ደረሰ። ዋጠው። እኔም ቁልቋል ውስጥ ገብቻለሁ፣ እሱም ይግባ አለ።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ቁልቋል የለም።

ሲመለስ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አዩት። ላም መንገድ አቋረጠች። ስንሻው ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ። እንግሊዟ ጮኸች፣ ባሰባት። እሷ የድልድዩን ግንብ ገጭታ እዚያው ቀረች። እሱ በላይ አልፎ ወረደ።

እናቱ እማማ ጠጅቱ ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ለቅሶው ላይ የጓንጉልን እጅ ያዙ። "ልጄ ጓንጉል፣ ያቺ ነገር ለማያውቃት አስቸጋሪ ናት ይሉኛል። ነግረኸው ነበር?"

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞረ። ሁሉም አየው።

"ነግሬው ነበር እማማ። አልሰማ አለኝ።"

አያችሁት? መጀመሪያ እውነት ዋጠ፣ ቀጥሎ ውሸት ተፋ። ከዚያ ወዲያ ስንሻው ሞቶም አላረፈም። ልጅ ባለጌ ሲሆን፣ "ምክር አልሰማም ብለህ እንደ ስንሻው እንዳትሆን" ይባል ጀመር። ያ ሳቂታ፣ ያ ደግ ልጅ፣ የእብሪተኛ ምሳሌ ሆነ! ጓንጉል ይህን በሰማ ቁጥር እህል ትቶ ይነሳል።

ምን ያድርግ? እጁ የሚያውቀውን አደረገ። እንግሊዟን መልሶ ጠገናት። የተጣመመ መሪዋን አቃና፣ የተሰበረ መብራቷን ተካ፣ የተጫረውን ቀባ፣ ፋቀ፣ መልሶ ቀባ። ጭረቱ ጠፋ። ከሷ ላይ ጠፋ። አምሳለም ያኔ መቀለድ ተወች፤ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ቀን ሰው ፊት ሊነዳት አፈረ፣ ሲጨልም ይዟት ይወጣ ጀመር።

አንድ ማታ ከከተማ ሲመለስ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርስ፣ የኋላው ኮረቻ ሽቦ ሲጢጥ አለ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው፣ ሲጢጥ። ዞር አለ። ማን አለ? ማንም የለም። እንግሊዟ ግን ከበዳት። ሰው እንደጫነች ሁሉ አቃሰተች። ድልድዩን ሲሻገር ቀለላት።

ሌላ ማታ፣ ያው ቦታ፣ ሲጢጥ። ከበዳት። ከዚያ አንድ ነገር ሸተተው። ምን ሸተተው? ማነው ያለው? ጎበዝ! የወባ መድኃኒት። ማጅራቱ ላይ፣ እዚህ ጋ፣ ትንፋሽ ይመጣል። ቀዝቃዛ ትንፋሽ።

ታዲያ ለምን መንገዱን አይተውም ትሉኛላችሁ። ወይ ልጆቼ! ያጠፋ ሰው እንደዚህ እኮ ነው፤ ካመመው ጥርስ ላይ ምላሱን አያነሳም። ደግሞ ሄደ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሲጢጥ አለ። ከበዳት። ሸተተው። ቀጥሎ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። ቀጥሎ እግር መጣ። በቀኝ እግሩ ላይ ሌላ እግር ተጫነ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ። ረገጠ። እንግሊዟ ጮኸች። ሮጠች።

"ጓንጉሌ" አለው ከኋላ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው ሳቅ ሳቅ እያለው። "ጓንጉሌ፣ የዚች ፍሬን በየት በኩል ነው?"

"በግራ! በግራ ነው ስንሻው!"

"እንዴ፣ መቼ ነገርከኝ?"

"ነግሬህ... ነግሬህ ነበር!"

እግሩ ረገጠ። እንግሊዟ ባሰባት። መብራቷ ድርግም አለ። ጓንጉል በግራው ፍሬን ሊይዝ ቢል ግራ እግሩ እንቢ አለው፣ ደነዘዘ፣ የሌላ ሰው እግር ሆነ።

"መቼ ነገርከኝ፣ ጓንጉሌ?"

የድልድዩ ግንብ በጨለማው ውስጥ ነጣ ብሎ መጣ። መጣ። መጣ!

"አልነገርኩህም!" ብሎ ጮኸ። "አውቄ ነው! ሰው እንዲስቅብህ ብዬ ነው! አልነገርኩህም!"

እግሩ ተነሳለት። ግራው ነፍስ ዘራ፣ ረገጠ፣ እንግሊዟ ተንሸራታ ተንሸራታ የፊት ጎማዋ ግንቡን ነክቶ ቆመች። ጸጥ። ከታች የወንዙ ድምፅ ብቻ።

"ይሄንን እኔ አውቀዋለሁ" አለ ድምፁ። አሁን አይስቅም። "ለኔ ምን ያደርግልኛል? የማታውቅ አለች።"

ጓንጉል ከዚያ ወዲያ ሊነዳት አልደፈረም፣ እየገፋት ሄደ። የት ሄደ? እማማ ጠጅቱ ደጅ። አቆማትና በሩን አንኳኳ።

"ማነህ በዚህ ሌሊት?"

"እኔ ነኝ እማማ። ጓንጉል።"

ኩራዝ ይዘው ወጡ። ኩራዙን ከፍ አደረጉ። አዩት። ትክ ብለው አዩት።

"ከማን ጋር ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ታዲያ ትከሻህ ላይ ያለው የማን እጅ ነው?"

ዝም በሉ! አትጩሁ፣ ጎረቤት ይነሳብናል!

ጓንጉል አልዞረም። እዚያው አፈሩ ላይ ወደቀ። "እማማ፣ ዋሽቻለሁ። ስንሻው ምክር አልናቀም። የመከረው የለም። ላስቅበት ብዬ ዝም አልኩ።"

እማማ ጠጅቱ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለው ነበር። በዱላ ቢሉት ይሻለው ነበር። "እኔ እኮ" አሉ፣ "መቃብሩ ላይ እየሄድኩ ስቆጣው ነው የኖርኩት። ምነው ቃል ብትሰማ፣ ምነው ባትኮራ እያልኩ፣ ልጄን አፈር ውስጥ ስቆጣው ኖርኩ።"

ከዚያ ዓይናቸውን ከጓንጉል ራስ በላይ አደረጉ። "ልጄ፣ ይቅር በለኝ" አሉ። ለጓንጉል አይደለም ያሉት። ለጓንጉል ምንም አላሉትም። በሩን ዘጉ።

ሲነጋ ጓንጉል ዋርካው ስር ቆመና ለሰው ሁሉ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የስንሻውን ስም ለተግሳጽ ያነሳ የለም። የስንሻው እጅስ ከትከሻው ተነሳለት ወይ ትሉኛላችሁ። እኔ እንጃ። አምሳለ ግን፣ እስኪሞት ድረስ አንድ ትከሻው ዘመም እንዳለ ነበር ብላለች። ሌሊትም ኮቱን አውልቆ ሲሰቅል፣ አንድ ሰው እጁን ከትከሻው እንዲያነሳለት እንደሚጠብቅ ሁሉ ትንሽ ይቆማል አለች።

ትልልቅ ሰዎች በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ ይሏችኋል። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ለሰው መንገር የነበረባችሁን ነገር ውጣችሁ ከሆነ፣ ብቻችሁን መሄድ ብትፈልጉም አትችሉም።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ምን ትንቀጠቀጣላችሁ? አንተ ግን፣ በሩ ጋ ያለኸው፣ ቆይ። አትዙር። ቀስ ብለህ ወደኔ ና። አትዙር አልኩህ እኮ!