በሙቅ ውኃ የወጣ ቂም

ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ የበጋው ሐሩር ሲበረታ፣ ድንኳን ሰፊዋ ከሠራዊቱ የስፌት አዳራሽ ወጥታ ከባሕር ማዶ ተምሮ ወደ ተመለሰው ሐኪም ሄደች። ጣቶቿ እንደ ፍም መንደድ ከጀመሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አባቷም በዚያው አዳራሽ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ሕመሙ መርፌ ቢያስጥለው የሐኪሞቹ አለቃ እጁን እንኳ ሳይዳስሱ «አታላይ ነው» ብለው ፈረዱበት፤ በዚያ ቃል በባልንጀሮቹ ፊት ሠላሳ ጅራፍ ተገረፈ፤ ዓመትም አልቆየ። እርሷ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቂሙን እንደ ሕፃን አዝላ አሳደገችው።

ሐኪሙ እጇን እያገላበጠ፣ «ከቤተ ሰብዎ እንዲህ የሚያመው አለ?» ሲል ጠየቃት።

«አባቴ፣ አክስቴ፣ ታላቅ ወንድሜ። ዘንድሮ ደግሞ ልጄ ‹እግሬን አቃጠለኝ› እያለች ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነክራለች።»

ሐኪሙ እጇን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስነከራት፤ ወዲያው ደም መሰለ።

«ከዘር የሚወረስ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱን አላውቅም፤ እውነት መሆኑን ግን አየሁ።»

«መድኃኒቱ ይቅር፤ ያዩትን ይጻፉልኝ» አለችው።

በሳምንቱ መኳንንቱ ለሐኪሞቹ አለቃ ኒሻን ሊሰጡ ተሰበሰቡ። እርሷም ወረቀቱን በጉያዋ፣ የሚተን ሙቅ ውኃ የሞላ ገንዳ በእጇ ይዛ ገባች፤ ዘበኞቹ ለሽማግሌው አለቃ መታጠቢያ መስሏቸው አሳለፏት። ገንዳውን ከእግራቸው ሥር አኑራ ሁለት እጇን ነከረች።

«ጌታዬ፣ አባቴን ሳያዩ አስገረፉት፤ እኔን ግን ይዩኝ።»

እጇ ቀልቶ ሲያብጥ መኳንንቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተጠጉ። ወረቀቱ ተነበበ።

«በዘመናችን አይታወቅም ነበር፤ ማሪኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«አለማወቅዎን እምር ነበር፤ ‹አላውቅም› ማለት ቢያሳፍርዎ የአባቴን ጀርባ አስተለተሉ። አልምርዎትም!»

ኒሻኑ ከሣጥኑ ሳይወጣ ቀረ። እርሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ዓይኗን ሳትነቅል ሸኘቻቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ይኸው ነበርና።

ቤቷ ስትደርስ ልጇ እርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችላት።

«እማዬ፣ አመኑሽ?»

«አመኑኝ።»

«ታዲያ አሁን ይሻለናል?»

እናት ጨርቁን ከእጇ ፈትታ በልጇ እግር ላይ ጠቀለለችው።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ስለዚያ ቀን አንዲት መስመር ብቻ አኖረ፤ «የሐኪሞቹ አለቃ ዕርጅና ስለ ተጫናቸው ሹመታቸውን በፈቃዳቸው ተዉ» ይላል። ስለ ተገረፈው ሰውም ሆነ ስለ ልጁ የጻፈ የለም፤ ሠራዊቱ ግን ያን ዓመት ሁሉ ያደረው እርሷ በሰፋችው ድንኳን ውስጥ ነበር።