የተሰረዘው ጉድለት

ጊቾሂን ያገኙት ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተጣብቆ ነው። ከወገቡ በላይ ሙሉ ሰው ነበር። ከወገቡ በታች ያለውን ለማየት ግን ዕድሜውን ሙሉ ፍየል ሲያርድ የኖረው የሥጋ ቤቱ ባለቤት እንኳ አንጀቱ አልቻለም፤ ፊቱን አዙሮ አስታወከ። ደሙ በድንጋዩ ላይ እየወረደ አቧራው ውስጥ ይሰርግ ነበር። ዓይኖቹን የከደነለት ሰው አልነበረም።

አጠገቡ ተንበርክኮ የተገኘው የመኪና አስመጪው የኦቾላ ሾፌር ሙቲሶ ነው። ሬሳውን ከአጥሩ ለማላቀቅ ሲታገል እስከ ክርኑ በደም ተነክሯል። ጠዋት ደግሞ ጊቾሂ በሰው ፊት «አንተ መሪ ከምትይዝ አህያ ብትነዳ ይሻልሃል» ብሎ ሲያዋርደው ብዙ ጆሮ ሰምቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? በመንገዱ ዳር በቆሎ የሚጠብሰው፣ የበግ ቆዳ ኮፍያ የሚሸጠው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ተጠራርቶ ወረደበት። በድንጋይ፣ በዱላ፣ በጫማ ቀጠቀጡት። ሁለት ጥርሱ ረገፈ፣ ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፈነ። አንዱ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ መጣ፤ ሌላው በውሃ ጠርሙስ ቤንዚን ይዟል። ጎማው በአንገቱ ሊጠልቅ ሲል አስር አለቃ ኪቤት ደርሶ ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ። እኔ የአገሬን ሰው እወደዋለሁ፤ ዳኛ ሲሆን ግን አያድርስ ነው።

ኢንስፔክተር ነኬሳ ሞተሯ በሚያስነጥስ አሮጌ የጃፓን መኪናዋ ከናይቫሻ ስትደርስ ሙቲሶ የሥጋ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ታስሮ ነበር። ነኬሳ ሃምሳ ያለፋት፣ ወፈር ያለች፣ ስትራመድ የማትቸኩል፣ ስትጠይቅ ግን ፋታ የማትሰጥ ሴት ናት።

«አፋንዴ፣ ሕዝቡ አልተበተነም» አላት ኪቤት፣ እጁን ወደ ግንባሩ አንስቶ ሰላምታ እየሰጠ። «እኛ ሦስት ነን፤ ጥይታችንም የሚያኮራ አይደለም። ከመምሸቱ በፊት ነገሩ ካልለየ ሙቲሶ ከዚህ በሕይወት አይወጣም።»

«ገዳዩ እሱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?»

«ወንበሩ አለኛ! ጊቾሂን የጨፈለቀችው መኪና የሾፌር ወንበር እስከ ኋላ ድረስ ተስቧል። ኦቾላ አጭር ነው፣ አብራቸው የመጣችው ፎቶ አንሺም አጭር ናት። ረጅሙ ሙቲሶ ብቻ ነው።»

ነኬሳ ገዳይዋን መኪና ለማየት ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊቾሂ በጋዜጣ ላይ «ሚዛን» የሚል ዓምድ ነበረው። በየወሩ አንድ መኪና ይመዝናል፤ በጎዋን በግራ፣ ጉድለቷን በቀኝ ይጽፋል። ናይሮቢ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ሚስቱን ሳያማክር ጊቾሂን ያነብ ነበር። በዚያ ቀን የሚመዝናት ኦቾላ ያስመጣት ጀርመናዊት ናት፤ ግዙፍም ያልሆነች፣ ትንሽም የማትባል፣ ከፍ ብላ የቆመች፣ ለቤተሰብ የምትበቃ፣ ለጉራም የማታንስ። አራት ሆነው ጠዋት ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ የሚወስደውን ረጅም ቁልቁለት ወረዱ፦ ጊቾሂ፣ ስምንት ዓመት ፎቶ ያነሳችለት ኛምቡራ፣ ኦቾላ እና ሙቲሶ። ሥጋ ቤቱ ምሳ ሲበሉ የመኪናዋ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ያሻው ተነስቶ እንዲሞክራት። ከምሳ በኋላ ሁሉም ተበተነ። የሥጋ ቤቱ ሙዚቃ ጆሮ ስለሚያደነቁር ማንም ምንም አልሰማም። ሬሳው ሲገኝ መኪናዋ ፊቷ ተጨራምቶና ደም ለብሶ ግቢው ውስጥ በቦታዋ ቆማለች፤ ቁልፉም ጠረጴዛው ላይ ተመልሷል።

ነኬሳ መኪናዋን ሁለቴ ዞረቻት። ወር ሙሉ ዝናብ ያላየ አቧራ ጣሪያዋንም ጎኗንም ሸፍኗል። የፊት መስታወቱ ላይ ግን ሁለት ማራገቢያ የመሰሉ ግማሽ ክቦች ተጠርገዋል፤ ውሃ የሌለበት፣ ሻካራ ጠረጋ ነው።

ኦቾላ ላቡን እየጠረገ ተከተላት።

«ማዳም፣ ይቺ መኪና ሰው አትገድልም! ሰው ፊቷ ሲቆም ራሷ ፍሬን ትይዛለች።»

«ታዲያ ዛሬ ምነው ረሳች?»

«እሱማ… ነዳጁን እስከ ወለሉ የረገጠባት ካለ የሰውየውን እግር ታምናለች። የተሠራችው እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ስህተት አይደለም። እስከ ወለሉ የረገጠ ሰው አውቆ ነው የረገጠው።»

ነኬሳ ወደ መኪናዋ ጎን እየዞረች ቀጠለች።

«ሌላስ ምን በጎ አላት?»

«ቀስ ስትል በባትሪ ነው የምትሄደው፤ ድምፅ የላትም። አጠገብዎ እስክትደርስ አይሰሟትም» አለ፤ ያለውን ገና ከአፉ ሲወጣ ነው የሰማው።

«ጉድለቷስ?»

«ጉድለት የላትም።»

«ኦቾላ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አግብቻለሁ። ጉድለት የለውም የተባልኩትን ነገር እሸሻለሁ። አንተስ የት ነበርክ?»

«ሽንት ቤት። ሆዴ ተበላሽቶ። ማን ይመሰክርልኛል?»

«ራስህ ምን ትነዳለህ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ የአውሮፓ ብቻ። ሌላ ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም» አለ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ደረቱን እየነፋ።

ኛምቡራ ካሜራዋን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ታቅፋ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት።

«መሪዋን ነክተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ነኬሳ።

«በፍጹም፣ አፋንዴ። አሥራ አንድ ዓመት የነዳሁት አንድ አሮጌ ጃፓን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚነዳም አላውቅ።»

«ምሳ እንደበላችሁ የት ሄድሽ?»

«ሸለቆውን ሳነሳ ነበር።»

«እስቲ የዛሬውን አሳዪኝ።»

አሳየቻት። ምሳ ቤቱ እንደደረሱ የተነሳው ፎቶ ላይ የመኪናዋ መስታወት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። የተጠረገ ነገር የለበትም። ነኬሳ «ጥሩ ታነሺያለሽ» ብላ ካሜራውን መለሰችላት።

የጊቾሂ ማስታወሻ ደብተር ከሸሚዙ ኪስ በደም እንደራሰ ወጣ። በግራ፦ ምቾቷ፣ ጸጥታዋ፣ የኋላ ወንበሯ ስፋት። በቀኝ፦ ዋጋዋ፣ መለዋወጫ እንደልብ አለመገኘቱ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ የተሰረዘ፣ ግን የሚነበብ መስመር፦ «ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይለሰልሳል። የመቃጠል ሽታ አለ።» ከሥሩ፦ «ከአሥር ዘጠኝ።» ነኬሳ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስለ ሌላ መኪና፣ ያው ቃል በያው እጅ ተጽፎ ያው ስርዝ ተሰርዟል።

በመጨረሻ መጋዘኑን አስከፈተች። ሙቲሶ በቆዳ ክምር ላይ ተጋድሟል። ውሃ ሰጠችው፤ ከደሙ ጋር ዋጠው።

«አልገደልኩም፣ ማዳም። ዛፍ ሥር ተኝቼ ነበር። ስነሳ የመኪናዋን ፊት አየሁና የጎማዋን ዱካ ተከትዬ ሄድኩ። እግዜር ያውቃል፣ ላነሳው ነበር። ስድቡ አሞኛል፤ ግን በተሰደብኩ ቁጥር ብገድል አገር ባዶ በቀረ።»

«ዛሬ የዝናብ መጥረጊያውን አስነስተሃል?»

ያበጠው ፊቱ ተቆጣ። «በደረቅ አቧራ? መስታወቱን ይፍቀዋል እኮ! ስድስት ወር እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት።»

«የፍሬቻዋ ማንሻ ከመሪው በየት በኩል ነው?»

«በግራ። የአውሮፓ አይደለች? በቀኝ ያለው የዝናብ መጥረጊያው ነው። የጃፓኖቹ ተቃራኒ ናቸው።»

«መጀመሪያ ሰሞን አልተምታታብህም?»

«በማን ያልተምታታ! ሳምንት ሙሉ ልታጠፍ ስል መስታወት እጠርግ ነበር» ብሎ ሳቅ ሲቃጣው የተነቀለው ጥርሱ አስቃሰተው።

ነኬሳ ገመዱን ራሷ ፈታችና ክንዱን ይዛ ወደ ግቢው አወጣችው። ከአጥሩ ውጪ ያለው ሕዝብ ሲያየው አጉረመረመ፤ አንድ ድንጋይ በራሳቸው ላይ አልፎ ቆርቆሮውን መታ። ኪቤት መሣሪያውን አቀባበለ።

«ወርውሩ፤ ግን ተናግሬ ስጨርስ!» ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ ኦቾላንና ኛምቡራን መኪናዋ ፊት አቆመች።

«ከወንበሩ እንጀምር። ኪቤት፣ ግባና ወንበሩን እስከ ፊት አምጣው። አሁን ውጣ፣ ቆልፈው፣ መልሰህ ክፈተው።»

ኪቤት እንደታዘዘው አደረገ። በሩ ሲከፈት ወንበሩ በራሱ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ። ኪቤት ከጠንቋይ ቤት እንደሚሸሽ ሰው አፈገፈገ።

«ቁልፉ የሙቲሶ ነው። ወንበሩ ቁልፉን ያውቃል፤ በተከፈተ ቁጥር ወደ ሙቲሶ ቁመት ይመለሳል። ገዳዩ ከዘጋት በኋላ አንተ ስትከፍታት የተመለሰው በራሱ ነው። ስለ ነጂው አልመሰከረልህም። ቀጥሎ፣ ገዳዩ ሲጨርስ መኪናዋን ወደ ቦታዋ፣ ቁልፉንም ወደ ጠረጴዛው መልሷል። መንገደኛ ቢሆን ጥሎ ይሸሽ ነበር። ስለዚህ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ናችሁ።»

«እኔ ለምን እገድለዋለሁ?» አለ ኦቾላ።

«አትገድለውም። ከአሥር ዘጠኝ የሰጠህን ሰው ማን ይገድላል? አሁን መስታወቱን እዩ። ስትደርሱ ሙሉ አቧራ ነበር፤ ፎቶው ይናገራል። ከምሳ በኋላ በደረቁ ተጠርጓል።»

«መኪናዋ ራሷ ናት የምትጠርገው! ዝናብ ሲነካት ታውቃለች» አለ ኦቾላ።

«በአቧራ ወር እኔ አጠፋዋለሁ፣ ቦስ» አለ ሙቲሶ በተሰባበረ ድምፅ።

«ከአጥሩ ወደ ግቢው ሲመጣ አንድ መታጠፊያ አለ። ገዳዩ ሰው ጨፍልቆ፣ በድንጋጤ ሲመለስ እንኳ እጁ ልማዱን አልረሳም። ሊታጠፍ ሲል ፍሬቻ ማሳየት ፈለገ። መስታወት ጠረገ። ኦቾላ ከልጅነቱ የነዳው የአውሮፓ ነው። የሙቲሶ እጅ ስድስት ወር ተምሯል። ኛምቡራ፣ የቀረው የአንቺ እጅ ነው።»

«ጃፓን የሚነዳ ሁሉ ይሳሳታል» አለች ኛምቡራ ቀስ ብላ። «እርስዎም ጭምር።»

«እውነትሽን ነው፤ እኔም ብሆን እሳሳታለሁ። ግን እሱ በሞተበት ስምንት ሰዓት ላይ ናይቫሻ ነበርኩ፤ ቁልፉም እኔ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም።» ነኬሳ ደብተሩን ከፍታ የቆየውን ገጽ አሳየቻት። «የዛሬው ስርዝ ይህን የቆየውን አስታውሶሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ ይህን መኪና የነዳው ማን ነበር?»

ኛምቡራ ገጹን አላየችውም። 

«ሙሪዪቲ፣ ታናሽ ወንድሜ። ጊቾሂ አወድሶ ስለጻፈ ገዛት። እዚሁ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ከጭነት መኪና ሥር በቁርጥራጭ ነው ያወጣነው። የራሱ ጥፋት ነው ብዬ ሁለት ዓመት ወንድሜን ወቀስኩት። ዛሬ ስንወርድ ፍሬኑ ሸተተ። ጊቾሂ ሲጽፈው ከኋላ ሆኜ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ምሳ ላይ ግን ሰረዘው። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ስልክ ሲያወራ አገኘሁትና ‹የወንድሜንም እንዲህ ሰርዘኸው ነበር?› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ጉድለት የሌለው መኪና የለም ኛምቡራ፤ ሁሉን ከጻፍኩ ነገ ማን መኪናውን ይሰጠኛል?› ብሎኝ ስልክ ማውራቱን ቀጠለ። ተመልሼ ቁልፉን አነሳሁ።»

«ፍሬኑ ለስልሶብሽ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ» አለች ነኬሳ። ለሰው ያዘነ ልብ በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር።

«ፍሬኑን አልነካሁትም። መጨረሻ ላይ ዞሮ አየኝ። እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር።»

ኪቤት አጥሩ ላይ ቆሞ ለሕዝቡ ነገረ። ቅድም «ግደሉት» ያለው ያው አፍ አሁን «ስጡን እሷን» ይል ጀመር። ነኬሳ ኛምቡራን በሰውነቷ ከልላ ወደ አሮጌ መኪናዋ አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ኦቾላ ደግሞ የጀርመናዊቷን ቁልፍ ለሙቲሶ ዘረጋ፤ «በል፣ ደሙን እጠብና ወደ ከተማ እንመለስ» አለው። ሙቲሶ ቁልፉን አልተቀበለውም። እያነከሰ ወደ ነኬሳ መኪና ሄዶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ኛምቡራ፣ ሲደበድቡኝ እዚያ ነበርሽ። በዚህች በተረፈችው ዓይኔ አይቼሻለሁ። ካሜራሽን አቅፈሽ ቆመሻል።»

ሙቲሶ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ።

«ወንድምሽን የገደለው ዝም ያለ ሰው ነው አልሽ። እኔ ላይ ጎማ ሲያመጡ አንቺ ምን አልሽ?»

«ፈራሁ» አለች። «ሙቲሶ፣ ፈርቼ ነው።»

«ጊቾሂም ፈርቶ ይሆናላ» አላት፤ ያለ ቁጣ ነበር የተናገረው።

ኛምቡራ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ጮኻ አለቀሰች። ነኬሳ ሞተሩን አስነሳች።